ቤትም ኪስም ይለካ



በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በመጻፍ፥ ደረሰኝ በመቁረጥና የዱቤ መዝገብ በመጠበቅ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በእንደዚህ ያለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጸሐፊ ገዢው ሲገባ ፊቱን፥ ሲወጣ ሒሳቡን ያያል፤ ከወራት በኋላም ያው ገዢ ዕዳውን ለመክፈል ወይም ቀን ለማስጨመር ሲመለስ እንደ ገና ፊቱን ያያል። በዚህ መካከል የታዘብሁትን ለነጋዴ ወገኖቼ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ስለ ታየኝ ይህን አስተያየት ጽፌአለሁ። ነገሩ ስለ ቤት ዕቃ ነው፤ ይልቁንም ገንዘቡ ልክ ያለው ሰው ባዶ የፎቅ ቤት ተረክቦ ከወለሉ እስከ መጋረጃው ድረስ ለማሰናዳት ሲነሣ፥ እኛ ምን እንደምንሸጥለትና እንዴት እንደምንሸጥለት ነው።

አሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። ለጠባብ ቤትና ለጠባብ ኪስ የሚሸጥ ዕቃ በልክና በተራ ካልተሸጠ፥ ጉዳቱ የገዢው ብቻ ሳይሆን የሻጩም ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ፥ በግቢና በጓሮ የለመደውን ሕዝብ በፎቅ ላይ እንዲኖር አስተምሮታል። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ሠራተኞች አሉ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲቋቋም ደግሞ አርባ ምንጭ የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ ስለ ሆነች፥ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሠራተኛም በሴቻም በሲቀላም ቤት ይፈልጋል። ይህ ሰው የወር ደመወዝ እንጂ የቆየ ሀብት የለውም። የሚገባበት ቤትም ሰፊ አይደለም፤ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያ ዕቅድ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር፥ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ብዙ ጊዜም የወለሉ፥ የቀለሙና የማድ ቤቱ ሥራ ሳይፈጸም ለባለቤቱ ስለሚሰጥ፥ ሰውየው ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ወደ ሱቃችን ይመጣል።

እንዴት እንደሚመጣም ከራሴ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ባገኘሁ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሜ የገዛሁት ከውጭ አገር የመጣ፥ ከፋይ የለበሰ፥ ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንዳላፍር ብዬ ነው። ሻጩ ስለ ዕቃው ማማር ብዙ ነገረኝ፤ የሳሎኔን ስፋት ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልለካሁትም። ሶፋው በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ስላለ የሠፈር ጐረምሶች በገመድ ስበው በበረንዳ አስገቡት። ከገባም በኋላ የበረንዳው በር ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ፤ በጫሞ በኩል የሚገባው ነፋስም ታገደ። የካቲት ሲመጣ በዚያ ከፋይ ላይ መቀመጥ ከምድጃ አጠገብ እንደ መቀመጥ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማድ ቤቴ መደርደሪያ አልነበረውም፤ ሳህኖቼም በካርቶን ውስጥ ነበሩ። የእቁቡን ዕዳ ከፍዬ ስጨርስ ሶፋውን በግማሽ ዋጋ ሸጥሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኔ ደረሰ። ሻጩም ቢሆን አልተጠቀመም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ አልተመለስሁምና።

መዝገቤን ስገልጥ ይህ የእኔ ብቻ አለመሆኑን አያለሁ። ዕዳ የሚከብደው፥ ቀን የሚያስጨምርና በመጨረሻም መንገድ ቀይሮ የሚሄደው ደንበኛ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ዕቃ በአንድ ቀን የወሰደው ነው። ዛሬ ቀለም፥ ከሁለት ወር በኋላ አልጋ፥ በዓመቱ ቁም ሳጥን የሚገዛው ግን ለዓመታት በመዝገቡ ላይ ይኖራል፤ ወንድሙንና የሥራ ባልደረባውንም ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ገንዘቡ ልክ ያለው ሰው ሥራውን በምን ተራ ቢጀምር ይሻለዋል? በእኔ አስተያየት፥ ዕቃ ከገባ በኋላ ሊሠራ የማይችለው መቅደም አለበት። ይኸውም የውሃ ቧንቧ፥ የኤሌክትሪክ መሥመር፥ ወለልና ቀለም ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ምጣዱ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ካልታሰበና የራሱ መሥመር ካልተዘረጋለት፥ በኋላ አዲሱን ሴራሚክ መስበር ወይም ሽቦ በግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ግድ ይሆናል፤ የኋለኛውም አደጋ አለው። ከዚህ ቀጥሎ መኝታ፥ ከዚያ ማድ ቤት፥ ከዚያ የእንግዳ መቀበያ ይምጣ። መጋረጃ ከሁሉ በኋላ ቢሰቀል የሚጐዳው ነገር የለም፤ ለጊዜው ነጠላ ይበቃል።

በእጁ ያለው ገንዘብ 100 እጅ ቢሆን፥ እኔ ከስሕተቴ በኋላ የተከተልሁት አከፋፈል እንዲህ ነበር፤ 40 እጁን ለማይነቀለው ሥራ፥ 25 እጁን ለአልጋ፥ ለፍራሽና ለልብስ ማስቀመጫ፥ 15 እጁን ለማድ ቤት፥ 10 እጁን ለሳሎን፥ የቀረውን 10 እጅ ደግሞ ለማይታወቅ ወጪ። ይህ ሕግ አይደለም፤ ልጆች ያሉት ሰው ለመኝታ ይጨምራል፥ ወለሉ ተሠርቶ የተረከበም ከመጀመሪያው ይቀንሳል። የመጨረሻውን 10 እጅ ግን ማንም እንዳይነካው እመክራለሁ፤ ቧንቧ የሚፈነዳው ገንዘብ ባለቀ ዕለት ነውና።

ከገንዘቡ ጋር ቤቱም ይለካ። ለዚህ ጥቂት ጠመኔና አንድ ሜትር ይበቃል። አልጋው፥ ጠረጴዛውና ቁም ሳጥኑ የሚይዙትን ቦታ በባዶው ወለል ላይ በጠመኔ አስምሮ በመካከላቸው መመላለስ ነው። ሰው ትሪ ይዞ ማለፍ ካልቻለ፥ ወይም በሩ ሲከፈት ከመሥመሩ ጋር ከተጋጨ፥ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ስሕተቱ ታወቀ ማለት ነው። የደረጃውም ወርድ አብሮ ይለካ፤ እኔ ይህን በገመድ ተምሬዋለሁ።

በጠባብ ቦታ አስቦ መሥራት ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። ከከተማችን ወጥተን ወደ ጨንቻ ስንወጣ የምናየውን የዶርዜን ቤት እናስብ። በቀርከሃ ተሸምኖ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ድረስ ይቆማል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እየተቈረጠ ያጥራል፥ ግን ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም በሰው ኃይል ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሠሪው ቤቱ እንደሚያጥር ከመጀመሪያው አውቆ ነው ከፍ አድርጎ የሚያቆመው። በውስጡም ምድጃው፥ መኝታው፥ የከብቱም ክፍል በየቦታው ነው፤ ለታይታ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይገኝበትም።

በሌላውም ዓለም የተደረገው ይህንኑ ይመስላል። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ማርጋሬተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ አርክቴክት፥ ወርዱ 1.9 ሜትር፥ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነ ማድ ቤት፥ የሴቶችን እርምጃ ቈጥራ አሰናዳች፤ ይህም ማድ ቤት በ10,000 ያህል የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ገባ። የስዊድኑ ኢኬያ የተባለው የንግድ ድርጅት ደግሞ ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጠረጴዛን እግር ነቅሎ በጠፍጣፋ ካርቶን እያሸገ መሸጥን ስለ ለመደ፥ የማጓጓዣ ወጪውን ቀነሰ፥ ዋጋውንም አረከሰ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ለምንርቀው ለእኛ ይህ ትልቅ ምክር ነው። በጭነት መኪና ላይ የምናጓጉዘው ብዙው ነገር በሶፋና በቁም ሳጥን ውስጥ የታቀፈ አየር ነውና።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። የአስመጪው ወጪ ወደ ላይ ሲወጣ የደመወዝተኛው ኪስ አብሮት አልወጣም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ እዚህ ሊሠራ የማይችለው ቢሆን ይሻላል፤ ማብሪያና ማጥፊያው፥ የቧንቧው መክፈቻ፥ የመሳቢያው ሐዲድና ማጠፊያው ይምጣ። የከፋይ ሶፋና የፕላስቲክ አበባ ግን ቢቀር ማንም አይራብም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የማይከፈል ወርቅ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ ያጨልማል።

በምትኩ ምን አለን? በደጋው ቀርከሃ አለን። ጥበቡ ከሩቅ አገር የተሰማለት ሸማኔ አለን፤ ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለበት ዱንጉዛ ለትራስ ልብስ፥ ለግድግዳና ለመከዳ ይሆናል። የጥጥ ጨርቅ ለቈላው ሙቀት ከከፋይ ይሻላል። የሲቀላ አናጺም ልኩ ከተሰጠው በመስኮቱ ሥር የሚገባ፥ ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ የሆነ መደብ ይሠራል፤ ቀን መቀመጫ፥ ሌሊት የእንግዳ አልጋ ይሆናል። ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ በገዛ አገሩ ቤት ያልተፈተነ ዕቃ በሰው አገር ገበያ ጉድለቱ ይገለጣል። የቀርከሃ ወንበራችን አስቀድሞ በአርባ ምንጭ ሳሎን ይቀመጥበት፤ ከዚያ ወደ ውጭ ይሂድ።

ይህን ስናገር የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። አንደኛው፥ «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገዢው የፈለገውን ልሽጥለት እንጂ መካሪው ልሁን?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ትከሻ ሳይለካ ኮት አይቈርጥም፤ ሲለካም መካሪ ሳይሆን ባለሙያ ይባላል። ሁለተኛው፥ «የአገር ውስጡ አናጺ ቀብድ ተቀብሎ ይጠፋል፥ ቀርከሃውም በነቀዝ ይበላል» የሚል ነው። ይህኛው ሐሰት አይደለም። እኔም ለአንድ መደርደሪያ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ነገር ግን ይህ ጉድለት የሚታረመው አናጺውን በመተው ሳይሆን፥ ነጋዴው በመካከል ገብቶ በጽሑፍ በማዋዋል፥ የደረቀና መድኃኒት የነካው ቀርከሃ ብቻ በመቀበልና ቀኑን ለጠበቀው ሥራ በመጨመር ነው። አንድ ገዢ ብቻውን አናጺን ሊያስገድድ አይችልም፤ በወር ሃያ ወንበር የሚያዝዝ ነጋዴ ግን ይችላል።

ስለዚህ ለተከበረው ምክር ቤታችንና ለአባላቱ የሚከተለውን አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፥ በየሱቁ ያለ የቤት ዕቃ ሁሉ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ርዝመቱ፥ ወርዱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተጽፎ ይለጠፍበት። ሁለተኛ፥ ዕቃው በተራ ይሸጥ፤ የአንዱ ዱቤ ሳይዘጋ የሌላው እንዳይከፈት ይሁን። ሦስተኛ፥ ከሩቅ የሚመጣው የእንጨት ዕቃ ተፈታትቶ የሚጫንና እዚህ የሚገጠም እንዲሆን ከአምራቾች ጋር እንዋዋል፤ ገጣሚውም እዚሁ ሥራ ያገኛል። አራተኛ፥ በሚመጣው ባዛር 25 ካሬ ሜትር ቦታ በጣውላ ታጥሮ እንደ አንድ መኝታ ቤት ይሰናዳ፤ ከወለሉ እስከ መብራቱ በከተማችን ገበያ በሚገኝ ዕቃ ይሞላ፤ ጠቅላላ ዋጋውም በበሩ ላይ ይጻፍ። ገዢው ገብቶ ይቀመጥበት፥ በሩን ይክፈት፥ ይዝጋ። ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ አንድ ክፍል ይናገራል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ባልዲ ቀለም ገዝቶ የሄደ ወጣት፥ በቅንነት ከተስተናገደ፥ ነገ ለአልጋው፥ ከነገ ወዲያም ለልጁ አልጋ ይመለሳል። እኔ በበኩሌ ከአሠሪዬ ፈቃድ ተቀብዬ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሜትር አስቀምጫለሁ። ሶፋ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ፥ ከዋጋው በፊት «ሳሎንዎ ስንት ሜትር ነው?» እለዋለሁ። ካላወቀው ሜትሩን አውሰውና ለክቶ እንዲመለስ እነግረዋለሁ። እስከ ዛሬ ሜትሬን ይዞ የቀረ የለም።