አውሮፕላኑ ሳይመጣ ቆሻሻው ይራቅ

የመቱና የጎሬ ሰዎች፣ ጊዜ ሳያልፍ አንድ ነገር እንነጋገር። ለያቤሎ፣ ለነገሌ ቦረና፣ ለሚዛን አማንና ለደብረ ማርቆስ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲታሰብ ጎሬ መቱም አብራ ተቆጥራለች። ወደ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ሲንገላታ ለኖረ ሰው ደስታው ይገባል። ግን ወሬው ሁሉ ስለ አስፋልቱና ስለ ተርሚናሉ ነው። ቄራው የት ይሁን፣ የከተማው ቆሻሻ የት ይደፋ የሚል አልሰማሁም። ቄራና ቆሻሻ ወፍ ይጠራል፤ ወፍ ደግሞ አውሮፕላን ይጥላል።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲታገሉ ሞተሮቹ ከዷቸው፤ አውሮፕላኑ ጎማው ሳይዘረጋ በደረቱ ወድቆ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አንዷ ርግብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም!

አውሮፕላን ሁለት ሞተር የሚገጠምለት አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲያርፍ ነው። መንጋ ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል፤ ግራና ቀኝ አይመርጥም። ሞተር ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ በሚሽከረከር ሞተር ላይ የሞተ ወፍ በአየር ግፊት መድፍ እየተኮሱ ይፈትኑታል። ፈተናው ግን ልክ አለው። የትናንሽ ወፎች መንጋ ሲገባበት ሞተሩ መሥራቱን እንዲቀጥል ይጠየቃል። አንድ ከባድ ወፍ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት አደጋ ሳያደርስ መጥፋት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የመሐንዲስ ሳይሆን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ደቡብ ኮሪያን ይመልከት። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሙአን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 179 ሰው ባለቀበት የጄጁ ኤር አደጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የዱር ዳክዬ ላባና ደም ተገኝቷል። በርግጥ አውሮፕላኑ የተላተመበት የኮንክሪት ግንብም ብዙ ሰው ፈጅቷል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቆሻሻ መጣያ ከማረፊያ ቢያንስ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። መቱና ጎሬ የሚራራቁት ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዷ ከተማ ቆሻሻ ለሌላዋም ዕዳ ነው፤ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች በየፊናቸው ቦታ ከመረጡ አይሆንም። ጨፌው ወፍ ስለሚያበዛ ይድረቅ ማለቴ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉልኝ። የኢሉባቦር ጨፌ የውኃችን ምንጭ ነው፣ ወፉም የኖረበት ቤቱ ነው። ጭላትንና ጥንብ አንሳን በአጥንትና በሆድ ዕቃ የምንጠራው እኛው ነን።

የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ እንዳትቀሩ። ቄራው የት ነው? ቆሻሻው የት ይደፋል? በመንደርደሪያው ዙሪያ ምን ይዘራል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ከመጀመሪያው በረራ በፊት በካርታ ላይ እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ።