ላንጋኖ ለማንደርሰው

ገንዘብና መኪና ያለው ሰው የቅዳሜ ዕረፍቱን ላንጋኖ ያሳልፋል፤ እኛ ተማሪዎችና አብዛኛው የአዳማ ሕዝብ ግን የምናመሸው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ስለዚህ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ባቀናው በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ሰፈር ያሉት ጠባብ መንገዶች መብራት፣ የውሃ መውረጃና መቀመጫ አግኝተው የምሽት መብያና መጨዋወቻ ይሁኑ እንላለን።

ነገር ግን የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ትምህርት ይሁነን። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ መንገዱ ሰፋ፤ ነዋሪውና ደንበኛው ግን ተበታተነ።

የጠባብ መንገድ ድምቀቱ ጀበና ጥደው የሚያመሹት እናቶችና ጥብስ ሻጮቹ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ከማስዋቡ አስቀድሞ የእነርሱን ቦታና ኪራይ በጽሑፍ ያጽናላቸው። አለዚያ የምንሠራው ለባለመኪናው ሁለተኛ ላንጋኖ ይሆናል።