የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚጀመረው በዘጠነኛ ክፍል ነው

በየዓመቱ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በተቃረበ ጊዜ በከተማም በገጠርም ትልቅ ጥድፊያ ይታያል። አባት ለልጁ መጽሐፍ ይገዛል፤ እናት ስለት ትሳላለች፤ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜና እሑድ የማጠናከሪያ ትምህርት ያሰናዳል፤ ሹሙም ስብሰባ ጠርቶ ምክር ይሰጣል። ይህ ሁሉ ትጋት ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የሚነሣው ልጁ የአራቱን ዓመት ትምህርት ሊፈጽም ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስለ ሆነ፥ ጥቅሙ ከድካሙ ጋራ አይመጣጠንም። አባቶች ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ሲሉ የተናገሩት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እውነተኛው ርዳታ ሊደርስለት የሚገባው ገና ከመግቢያው በር ሳለ፥ ማለት በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል መሆኑን መንግሥትም ወላጅም ሊያስተውሉት የሚገባ ጕዳይ ነው።

የነገሩን ክብደት ቍጥር ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 የሚሆኑት አለፉ። በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። የሚያልፉት መጠን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከፍ ማለቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም በመጨረሻው በተጠቀሰው ዓመት እንኳ ከመቶው ተማሪ ከ90 የሚበልጠው የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ ቀርቷል። ከእነዚህም እያንዳንዱ የአንድ ቤት ተስፋ ነው። ሰብሉን ሸጦ፥ በሬውን ቀንሶ፥ ከእርሻው እጅ አጕድሎ ልጁን 12 ዓመት ያስተማረ ገበሬ የሚያጭደው ባዶ ወረቀት ሲሆን፥ ሐዘኑ በእርሱ ቤት ብቻ አይቀርም፤ ጐረቤቱም አይቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ይደፍራል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉ፥ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማጥፋት የታሰበ ተገቢ ሥራ ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ አገር አቀፉ ፈተና ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፥ የጥብቅነቱን ምክንያት ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሚዛን እህሉን ይመዝናል እንጂ እህል አያበቅልም። ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ እህሉ አንሶ ቢገኝ፥ ዐይን መመለስ ያለበት ወደ እርሻው ነው።

እርሻውም ዘጠነኛ ክፍል ነው። አንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ፈጽሞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ብዙ ለውጥ ባንድ ጊዜ ይወርድበታል። የመጀመሪያው የቋንቋው ለውጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፥ በአንዳንዱ ክልል ከሰባተኛ ክፍል፥ በሌላው ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ልጁ ትናንት በእናቱ ቋንቋ ይማረው የነበረውን ሒሳብና ሳይንስ ዛሬ በባዕድ ቋንቋ እንዲቀበል ይገደዳል። ቅጠል ከፀሓይ ብርሃን ምግቡን እንደሚያሰናዳ አስቀድሞ የሚያውቀው ልጅ፥ ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ባለማወቁ ብቻ እንዳልተማረ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ለውጥ የኑሮው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሩ ርቆ በወረዳው ከተማ የሚገኝበት የገጠር ልጅ፥ ከጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ በየሳምንቱ ከቤቱ ስንቅ እያመላለሰ፥ ውሃውን ራሱ ቀድቶ፥ ወጡን ራሱ ሠርቶ ይማራል። ተቈጪም አጽናኝም ከአጠገቡ የለም። ለሴት ልጅ ደግሞ ችግሩ ይበረታል፤ መንገዱ ያስፈራታል፤ ከቤት የምትመላለሰውም ብትሆን ደብተርዋን የምትገልጠው የቤቱ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የዕድሜው ጠባይ ይጨመራል። ሰውነት የሚለወጥበት፥ ልብ የሚቸኵልበት፥ የባልንጀራ ቃል ከአባት ቃል ይልቅ የሚሰማበት ዘመን ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ያልታሰበበት ነገር አለ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በዐሥረኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀርቷል። መቅረቱ ብዙ ልጆችን በ16 ዓመታቸው ከትምህርት በር ከመባረር ስላዳናቸው መልካም ነው። ነገር ግን ያ ፈተና የሚያሳየውን ጕድለት አስቀድሞ የሚያሳይ ሌላ ነገር በስፍራው በየትምህርት ቤቱ ካልተተካ፥ በዘጠነኛ ክፍል የተሰነጠቀው ግድግዳ ጣሪያው እስኪፈርስ ድረስ ሳይታይ ይቈያል። ስንጥቁ የሚታወቀው በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ፥ ለማደስ ጊዜ ባለፈበት ሰዓት ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነጥባቸው ከ50 በታች ከሆነ ተማሪዎች ከፊሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ማስተማራቸውም፥ ከታች የተዘለለውን ከላይ ሆኖ ለመሙላት የሚደረግ፥ ወጪውም የሚከብድ ድካም ነው።

ይህ አሳብ ለአገሪቱ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሥርዐት ነው። ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ 2 ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየን፥ ሚ በዝኁን፥ ዋዜማን፥ ሥላሴን እያለ ወደ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ያልቀናውን ልጅ መወድስ አምጣ ብሎ የሚያስጨንቅ መምህር የለም፤ ቢኖርም ጉባኤው ይታዘበዋል። ንባብ ያልለየ ሕፃንም ዳዊት አይደግምም። ከዚህም በላይ አንጋፋው ደቀ መዝሙር ለጀማሪው ያስጠናል፤ የትናንቱ ትምህርት ዛሬ በቃል ሳይጠየቅ ወደ ነገው አይታለፍም። ቀለሙ ከዘመናዊው ትምህርት የተለየ ቢሆንም፥ መሠረቱን ሳያጸኑ ግድግዳውን አለማቆም የሚለው ሥርዐት ለሁለቱም አንድ ነው።

የውጭ አገር ምርምርም ከዚሁ ሥርዐት ጋራ ይስማማል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ስለ ሰው የማስታወስ ኀይል ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንድ ጊዜ ተጠንቶ ያልተደገመ ነገር አብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ እንደሚረሳ፥ ጥናትን በየቀኑ ከፋፍሎ መድገምም ባንድ ቀን ከማጨናነቅ እንደሚሻል አሳይቷል። እንግዲህ በዘጠነኛ ክፍል በየሳምንቱ የሚደገም ትንሽ ጥናት፥ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ መብራት የበለጠ ፍሬ አለው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የሚጠበቀው ሥራ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ፥ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ በመስከረም ወር ውስጥ በእንግሊዝኛ ንባብና በሒሳብ ይመርመር፤ ምርመራውም የደከመበትን ለማወቅ እንጂ ለማሳፈር ወይም ለመጣል አይሁን። ሁለተኛ፥ የደከሙት ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚታገዙበት ጉባኤ ይዘጋጅላቸው፤ የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብርቱ ተማሪዎችም እንደ አንጋፋ ደቀ መዝሙር ያስጠኗቸው። የሚያስጠናው ልጅም አይጐዳም፤ የሚያስተምር ሰው ሁለት ጊዜ ይማራልና። ሦስተኛ፥ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፥ የሚያድርበትን ቤትና የሚቀርበትን ቀን የሚያውቅ አንድ መምህር ይመደብለት። አራተኛ፥ ልምድ ያለውን መምህር ሁሉ ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እየሰጡ፥ ዘጠነኛውን ለአዲስ ገቢ መምህር ብቻ መተው ይቅር፤ ብልህ አናጢ ብርቱውን ግንድ ለመሠረት ያደርጋልና።

ከወላጅ የሚፈለገውም ሀብት አይደለም፤ ማስተዋል ነው። ያልተማረ አባት የልጁን ፊዚክስ ሊያርም አይችልም፤ ነገር ግን ‹‹ዛሬ ምን ተማርህ? እስቲ ንገረኝ›› ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ልጁም ለአባቱ በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳ ያልገባውን ራሱ ያገኘዋል። እናት ከማታው ሥራ አንድ ሰዓት ቀንሳ ለልጅዋ፥ ይልቁንም ለሴት ልጅዋ፥ ብትለቅላት ከምትገዛላት መጽሐፍ የሚበልጥ ስጦታ ሰጠቻት። እንቅልፍም ሊጠበቅ ይገባዋል፤ የጤና ሊቃውንት ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለው ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራሉ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣውን ልጅም ‹‹አንተ ለትምህርት አልተፈጠርህም›› ማለት፥ ችግኝ በመጀመሪያው ወር ስላላፈራ መንቀል ነው።

‹‹የዛሬ ልጅ ስልክ እንጂ መጽሐፍ አይወድም፤ ስንፍናውን በርዳታ መደገፍ ምን ይጠቅማል?›› የሚሉ አሉ። ስልኩ ጊዜ እንደሚበላ እውነት ነው፤ ሰነፍ ተማሪም በየዘመኑ አልጠፋም። ነገር ግን ስንፍና ከሚባለው ነገር ብዙው ተስፋ መቍረጥ መሆኑን መምህራን ያውቃሉ። በቀን 6 ጊዜ መምህር እየተለዋወጠ በማይገባው ቋንቋ ሲነገረው የሚውል ልጅ ማዳመጡን ቢተው፥ ወደሚገባውም ነገር ቢያዘነብል አያስገርምም። አስቀድሞ እንዲገባው ማድረግ፥ ከዚያ በኋላ በትጋቱ መጠየቅ ፍርድ ነው።

ደግሞም ‹‹ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?›› የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከላይ ከተነገረው ብዙው የሚሻው ገንዘብን ሳይሆን ሥርዐትን ነው። የወረዳ ሹም መምህሩን በትምህርት ሰዓት ለሌላ ሥራና ለስብሰባ ባይጠራው፥ በዓመቱ እኩሌታ ከስፍራ ወደ ስፍራ ባያዛውረው፥ መጽሐፉም በጥር ሳይሆን በመስከረም እንዲደርስ ቢተጋ፥ ከመዝገብ ቤቱ አንድ ብር ሳይወጣ ትልቅ ርዳታ አደረገ። ትምህርት ቤቶችን ሲመረምርም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንት አሳለፋችሁ ከማለቱ በፊት፥ ዘጠነኛ ክፍል ስንት ተቀብላችሁ ስንቱን ለዐሥረኛ አደረሳችሁ ብሎ ይጠይቅ።

ካህናትም በዚህ ነገር የሚያደርጉት ብዙ ነው። የንስሓ አባት ሹም በማይገባበት ቤት ይገባል፤ ቃሉም ይሰማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ሳለ፥ ዘጠነኛ ክፍል የገባችን ልጅ ለመዳር የሚያስብ አባት ቢኖር፥ ከማንም በፊት ሊመክረውና ሊከለክለው የሚችለው እርሱ ነው። በከተማ ተከራይተው የሚኖሩትን የገጠር ልጆች ማጽናናት፥ ለማታ ጥናት የሚሆን አዳራሽና መብራት ማሰናዳትም ለደብሩ አይከብድም። ቍራሽ ለምነው የተማሩ አባቶች፥ ስንቁን ተሸክሞ የሚማረውን ልጅ ድካም ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል።

በዚህ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚገቡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ውጤቱ ሲነገር መደሰት ወይም ማዘን ለሁሉ ይደርሳል፤ ውጤቱን መለወጥ ግን ያን ጊዜ ለማንም አይቻልም። የሚቻለው ዛሬ፥ ልጁ ገና ደብተሩን ሲያሰምር፥ ቃሉ ሲጠፋውና መጠየቅ ሲያፍር ከአጠገቡ በመገኘት ነው። ‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ›› እንደ ተባለ፥ ሹሙ በመሥሪያ ቤቱ፥ መምህሩ በጉባኤው፥ ካህኑ በደብሩ፥ አባትና እናትም በቤታቸው ይህን በጊዜው ይፈጽሙት ዘንድ ይገባል።