የሕዝብ ጥቅምና የደንዲ ገበሬ

እ.ኤ.አ. በ2013 ያረፈው አሜሪካዊው የሕግና የሥነ ምግባር ፈላስፋ ሮናልድ ዱወርኪን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ስለ መብት በሚከራከረው መጽሐፉ፣ አንድ ሰው መብት አለው ከተባለ የብዙኃኑ መጠቀም ብቻውን ያንን መብት ለመሻር በቂ ምክንያት እንደማይሆን አስተምሯል። በኦክስፎርድ የፕሮፌሰርነት ወንበሩን ያስረከበው ኸርበርት ሃርት ሕግን ምንጫቸው የሚታወቅ ደንቦች ሥርዓት አድርጎ ሲያየው፣ ዱወርኪን ግን ከደንቦቹ ጀርባ ዳኛን የሚያስሩ የፍትሕ መርሆች እንዳሉ ይሞግታል።

በብዙኃኑ ጥቅምና በግለሰብ መብት መካከል ያለው ክርክር የምዕራብ ሸዋ ሰው የሚያውቀው ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያውን የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በመቃወም አምቦ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በደንዲ ወረዳ ከተማ በጊንጪ፣ የጭሊሞ ደንና የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ይሰጣል በሚል የተቀሰቀሰው ቁጣ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተ፣ ብዙ ሕይወትም ጠፋ፤ ማስተር ፕላኑ በጥር ወር ተሰረዘ። በጊዜው ገበሬ ከመሬቱ የሚነሣበትን ሁኔታ ይወስን የነበረው የመሬት ማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 455/1997 «የሕዝብ ጥቅም»ን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚገኝ ጥቅም ብሎ ሲተረጉም፣ በልማት ፕላን ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ሊያልፍበት የሚችል ሰፊ በር ከፍቶ ነበር። ለዘለቄታው ለተነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር፤ ይግባኙ ግን መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካልቀረበ አይታይም፣ ክርክሩም በካሳው መጠን ዙሪያ እንጂ «ለምን እነሣለሁ» በሚለው ላይ አልነበረም። ዱወርኪን የሚነቅፈው ይህንኑ ነው፦ መብት በገንዘብ የሚዘጋ ሒሳብ ሲሆን መብት መሆኑ ይቀራል።

ፈላስፋው ለኢትዮጵያ ሙሉ መልስ አለው ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚል፣ የግለሰብን መብት ያስቀደመው ትምህርት ገበሬው ያለውን የመጠቀም መብትና ያለመፈናቀል ጥበቃ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ይህ ጥበቃ ደግሞ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ተቋሙ ነው። ዱወርኪን ተስፋውን የጣለው ሄርኩለስ ብሎ በሰየመው፣ መርሆችን ሁሉ አገናዝቦ በሚፈርድ ምናባዊ ዳኛ ላይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት የተባለ የፖለቲካ አካል ነው (ሄርኩለስ እዚህ ቢሾም መጀመሪያ የሚገጥመው የሥልጣን ወሰን ጥያቄ ይሆን ነበር)።

የቀድሞውን የማስለቀቂያ አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳውን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ ከማድረሱም በላይ፣ በማስለቀቂያ ትእዛዙ በራሱ ላይ አቤቱታ ማቅረብን ፈቅዷል፤ የሁለተኛው ለውጥ ክብደት ከመጀመሪያው ይልቃል። የሕዝብ ጥቅም መኖሩን ቀድሞ የሚወስነው ግን አሁንም አስፈጻሚው ነው፤ ስለዚህም አቤቱታውን የሚያየው አካል የመንግሥትን ምክንያት ለመመርመር ምን ያህል ይደፍራል የሚለው ገና በተግባር የሚታይ ጉዳይ ነው።