ርግጠኛ አለመሆንም ልክ አለው

ክርክር ሲጠናና ማስረጃ ሲያጥር፣ ከተማሩት መካከል አንዱ «ሳይንስ ራሱ እኮ ርግጠኛ መሆን አይቻልም ብሏል» ይላል። ከቡና ቤቶች እስከ ሬዲዮ ውይይት ድረስ ይህ አነጋገር ይደመጣል። የጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ የቨርነር ሃይዘንበርግ ስም ይጠራል፣ ኳንተም የሚል ቃል ጣል ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም የፈለገውን ማመን የተፈቀደለት ይመስላል። የሃይዘንበርግ የኢ-ርግጠኝነት መርህ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልሰጠም። መርሁ የሚናገረው ዕውቀት የት ላይ እንደሚቆም ነው፤ የሚናገረውም በቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ቆመው ዓመታትን የደከሙ ኢትዮጵያውያን ከለገሃር ብዙም ሳይርቁ አራት ኪሎ ላይ ሠርተዋል፤ የከተማው ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አላገኘም።

መርሁ የቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1927፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። ሃይዘንበርግ ያኔ የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን ኮፐንሃገን ውስጥ በፊዚክስ ሊቁ በኒልስ ቦር ተቋም ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ የምድር ባቡር ከገባላት ገና ዐሥር ዓመቷ ነው። ዛሬም ለገሃር ላይ የቆመው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ከዚያ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1922 ዓ.ም. ነበር። ሕንፃውና መርሁ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

የመርሁ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የአንድ ቅንጣት ቦታ ጠበብ ብሎ በተወሰነ ቁጥር ሞመንተሙ፣ ማለትም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው ልክ፣ ይሰፋል። ሞመንተሙ ሲጠብ ደግሞ ቦታው ይሰፋል። የሁለቱ ስፋት ሲባዛ ከአንድ ቁጥር በታች አይወርድም፤ ቁጥሩም የፕላንክ ቋሚ የሚባለው የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር ለ4 ፓይ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በኪሎግራም፣ በሜትርና በሰከንድ ሲሰላ ከነጥብ በኋላ 34 ዜሮዎች ተደርድረው 53 የሚመጣበት ቁጥር ነው።

ይህን ቁጥር ለገሃር ላይ አውርዶ ማየት ይቻላል። 40 ቶን የሚመዝን የቀላል ባቡር ፉርጎ ፌርማታው ላይ ቆሟል እንበል፤ ቦታውም በአንድ ሚሊሜትር ልክ ይታወቅ። መርሁ በፍጥነቱ ላይ የሚያስገድደው ጥርጣሬ በሰከንድ ከአንድ ሜትር ውስጥ ከነጥብ በኋላ 35 ዜሮዎች አልፈው የሚገኝ ኢምንት ነው። ስለዚህ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ ከሃይዘንበርግ ጋር አይገናኝም፤ መረጃ ካለ ይታወቃል። አንድ ኤሌክትሮን በአቶም ስፋት ውስጥ፣ ማለትም በሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ ውስጥ ሲታገድ ግን የፍጥነቱ ስፋት በሰከንድ 580 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ከለገሃር ተነስቶ በአንድ ሰከንድ ድሬዳዋን አልፎ የሚሄድ ፍጥነት ነው። ሕጉ አንድ፣ ቁጥሩም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ክብደቱና ስፋቱ ነው።

ቁስ ቁስ ሆኖ የሚቆየውም በዚሁ ነው። በአቶም ውስጥ የኤሌክትሪክ ስበት ኤሌክትሮኑን ወደ እምብርቱ ይጎትተዋል። ነገር ግን ኤሌክትሮኑ በተጠጋና ቦታው በጠበበ ቁጥር የፍጥነቱ ስፋት ስለሚጨምር፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ለመቆየት የሚጠይቀው ኃይል ይበዛል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ርቀት የአቶሙ መጠን ሆኖ ይቀራል። የጣቢያው ድንጋይ ወደ ራሱ ያልሰመጠው፣ ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነሐስም ቅርጹን የያዘው በአቶሞቻቸው ውስጥ ይህ ሕግ ስለሚሠራ ነው። (የጠጣርነት ታሪክ ሙሉ እንዲሆን ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ እንዳይጋሩ የሚከለክለው የቮልፍጋንግ ፓውሊ ሕግም ይጨመርበታል።) ዓለምን የሚያናጋ ተደርጎ የሚወራው መርህ ዓለምን አጽንቶ ከያዟት ሕጎች አንዱ ሆኖ ሲገኝ የአነጋገሩ ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ይህኛው መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። «መርሁ የሚለው፣ ስንለካ የምንለካውን ነገር ስለምንነካው ይረበሻል ነው» ይባላል። ከዚያ ተነስቶ ስለ ምርጫ አስተያየት፣ ስለ ገበያ ጥናት፣ ስለ ጋዜጠኛ መገኘት ሁሉ ይነገርበታል። ታዛቢ የሚታዘበውን መለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ያ የሰው ጠባይ ጉዳይ እንጂ የፕላንክ ቋሚ የሚወስነው አይደለም። ለስሕተቱ ሃይዘንበርግ ራሱም ድርሻ አለው። መርሁን ለማስረዳት ብሎ ያቀረበው የጋማ ጨረር ማይክሮስኮፕ ምሳሌ፣ ችግሩ የመሣሪያው መንካት ብቻ እንዲመስል አድርጎታል። መርሁ በቀረበበት ዓመት የፊዚክስ ሊቁ ኤርል ኬናርድ በሒሳብ ያረጋገጠው ግን ጠለቅ ይላል፤ ማንም ባይነካውም ቅንጣቱ ቦታንና ሞመንተምን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያለ ስፋት አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቪየና ውስጥ በኒውትሮን፣ ቶሮንቶ ውስጥ በብርሃን የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ልዩነት አጥርተው አሳይተዋል። በመለካት ስለሚመጣው መረበሽ በመጀመሪያው መልኩ የተጻፈው ግንኙነት ሲጣስ ታይቷል፤ የኬናርድ ሕግ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፊዚክስ ላልተማረ ሰው ይህን ለማስረዳት ከአዝማሪ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ከበሮ አንድ ጊዜ ሲመታ የተመታበት ቅጽበት በግልጽ ይታወቃል፤ ድምፁ ግን አንድ ቅኝት ይዟል ለማለት ያስቸግራል፣ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ ፈንድቶ ነውና። ማሲንቆ ረዘም ተደርጎ ሲገዘገዝ ደግሞ ቅኝቱ ጥርት ይላል፤ ያ ድምፅ በየትኛው ቅጽበት ነው ያለው ቢባል መልሱ «በሙሉው» ይሆናል። ይህ ለማመሳሰል የመጣ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ያው ነው። በሰከንድ 440 እና 442 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሲሰሙ ለመለየት በጠቅላላው ግማሽ ሰከንድ ያህል ማዳመጥ ይጠይቃል። የሃንጋሪ ተወላጁ ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 ይህንን ለመገናኛ ሥራ አውሎት ድምፅን በጊዜና በንዝረት ከፋፍሎ የመተንተኛ ዘዴ አቀረበ። ራዳር፣ የእርግዝና ክትትል የሚደረግበት አልትራሳውንድ፣ በስልክ የሚተላለፍ ሙዚቃ ሁሉም ይህን ወሰን አውቀው የተሠሩ ናቸው። ማሲንቆው ግን ኳንተም አይደለም። ኳንተም ያመጣው አዲስ ነገር ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ራሳቸው እንዲህ እንደ ሞገድ መሆናቸው ነው።

ሌላው ማሳያ በእጅ የሚሠራ ነው። የሚያስፈልገው ቀይ የሌዘር መብራት፣ ሁለት ምላጭ፣ ፕላስተርና ጨለም ያለ ክፍል ነው። የምላጮቹ ስለት ፊት ለፊት ሆኖ መካከላቸው አንድ ወረቀት ተጨምሮ ይለጠፋሉ፤ ወረቀቱ ሲወጣ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ገደማ ክፍተት ይቀራል። ሌዘሩ በክፍተቱ በኩል ሦስት ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ይበራል። ተመልካች ቀጭን መስመር ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ የሚያየው ግን አራት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን የተዘረጋ ቀይ ብርሃን፣ በግራና በቀኙም ደብዘዝ ያሉ ተከታታይ ነጠብጣቦች ነው። ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ ብርሃኑ ወደ ስምንት ሴንቲሜትር ይሰፋል። በጠበበ ቁጥር ይሰፋል፤ የብርሃኑ ቅንጣት የሚያልፍበት ቦታ ሲወሰን የጎን ሞመንተሙ ይለቀቃልና። ሌዘሩን ወደ ዓይን አለማብራት፣ ምላጮቹንም በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ቀመሩን ሸምድዶ ፈተና ያለፈ ተማሪ ይህን አንዴ ቢያይ ቀመሩ ምን እንደሚል ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

እዚህ ላይ የአራት ኪሎ ሰዎች ሥራ ይመጣል። ብርሃንም እንደ ኤሌክትሮኑ ጥንድ መጠኖች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፍጹም ጸጥ አይሉም። በሕዋ ባዶነት ውስጥ እንኳ የሚቀር መርገብገብ አለ። ታዲያ መርሁ የሚከለክለው የሁለቱ ስፋት ሲባዛ ከወሰኑ በታች መውረዱን ነው፤ አንዱን ቀንሶ ሌላውን ማሳደግን አይከለክልም። በዚህ መንገድ የሚዘጋጀው ብርሃን የተጨመቀ ብርሃን ይባላል፤ መጀመሪያ በሙከራ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ፍስሐ ካሳሁን ለብዙ ዓመታት የደከሙት በዚህ ላይ ነው። ባለ ሦስት ደረጃ አቶሞች ያሉት ሌዘር የተጨመቀ ብርሃን እንዴት እንደሚሰጥ ያሰሉበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ፊዚካል ሪቪው ኤ በተባለው የምርምር መጽሔት ታትሟል፤ ለተማሪዎች የሚሆን የኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፍም ጽፈዋል። በዚሁ ትምህርት ቤት ካለፉት መካከል ስንታየሁ ተስፋ እ.ኤ.አ. በ2020 በሽፕሪንገር አሳታሚነት ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ ሰፊ መጽሐፍ አውጥተዋል። እዮብ አለባቸው ከፍስሐ ጋር በጋራ ጽፈው ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪጌቲ በተባለው ኩባንያ የኳንተም ኮምፒውተር ክፍሎችን ከሚሠሩት አንዱ ሆነዋል።

ይህ ሁሉ በአመዛኙ የወረቀትና የቾክ ሥራ ነው። አገሪቱ ለዚያ ዓይነት ጽናት ባዳ አይደለችም፤ በደርግ ዘመን ታስረው እስረኞችን ፊዚክስ ያስተማሩት ሙሉጌታ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ወረቀቱ የት እንደሚያደርስ ሌላው ዓለም አሳይቷል። ሊጎ የተባለው የአሜሪካ የስበት ሞገድ መመልከቻ አራት ኪሎሜትር የሚረዝሙ ክንዶች አሉት። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2015 ባገኘው የመጀመሪያ ሞገድ ክንዶቹ የተለጠጡት ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች ጊዜ ባነሰ ርቀት ነበር። እንዲህ ያለውን ልኬት ከሚያውኩት አንዱ ራሱ የብርሃኑ የኳንተም መርገብገብ ነው። ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ የተጨመቀ ብርሃን ገባበት፤ የሚያገኛቸው ሞገዶች ብዛት እስከ 50 በመቶ ጨመረ። በ2020 ደግሞ የሊጎ 40 ኪሎ የሚመዝኑ መስታወቶች በዚሁ የኳንተም መርገብገብ ሲገፉ ተለካ። መርሁ ለአቶም ብቻ ነው የሚለው አባባልም በዚያው ልክ ተሸረፈ። መርሁ ያሰመረውን መስመር ማንም አልጣሰም፤ መስመሩን በቁጥር ስላወቁ ጥርጣሬውን ወደማይጎዳቸው ጎን ገፉት።

አፍሪካም ከዚህ ውጭ አይደለችም። የደርባን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ወቅት በስታዲየሟ የኳንተም ምስጠራ ተጠቅማለች፤ በዚህ ዘዴ ምስጢሩን ሊሰርቅ የሚሞክር ሰው የብርሃኑን ሁኔታ ሳያዛባ ማንበብ ስለማይችል መሰረቁ ይታወቃል። በ2024 የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲና የቻይና ባልደረቦቹ በሳተላይት አማካይነት 12,900 ኪሎሜትር አቋርጠው እንዲህ ያለ ቁልፍ ተለዋውጠዋል። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ እንዲያውጅ ረቂቁን ያቀረበችው ጋና ናት።

አዲስ አበባ የዚህ ሁሉ ተመልካች ሆና እንድትቀር የሚያስገድድ ምክንያት የለም። የሚጠየቀው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አይደለም። አንድ የማይነቃነቅ የኦፕቲክስ ጠረጴዛ፣ ጥራት ያለው ሌዘር፣ ብርሃን የሚጨምቅ ክሪስታል፣ ጥሩ መቀበያ መሣሪያና መብራት የማይቆራረጥበት ጸጥ ያለ ክፍል ከዓመታዊ የማስጠገኛ በጀት ጋር ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ የፍስሐና የተማሪዎቻቸው ቀመሮች በራሳቸው ከተማ ይፈተኑ፤ ውጭ ያሉት ኢትዮጵያውያንም ክረምት ክረምት እየመጡ ወጣቶችን ያሠልጥኑ። ዩኒቨርሲቲውም ሆነ የሚመለከተው ሚኒስቴር ይህን በአንድ ዕቅድ ሊጀምረው ይችላል።

ለሕዝቡ ደግሞ ለገሃር አለ። አካባቢው ሲፈርስና ሲሠራ የጥንቱ ጣቢያ ለምን አገልግሎት ይዋል የሚለው ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ከክፍሎቹ አንዷን ማጨለም፣ አንድ ሌዘርና በብሎን የሚጠብ የብረት ክፍተት ማስቀመጥ፣ ብሎኑን ተማሪው ራሱ እንዲያዞረው መፍቀድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ግድግዳው ላይ በሴንቲሜትር የተሰመረ መለኪያ ይኑር፤ ጎብኚው የክፍተቱንና የብርሃኑን ስፋት መዝግቦ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ራሱ ያስላው። የሚያስረዳ መምህር ለመቅጠር ደግሞ አራት ኪሎ በእግርም ይደረሳል።