ቁልፉ በማን ኪስ ይሁን?

ባለፈው ሴሚስተር በፊዚዮሎጂ ፈተና ላይ ሆጅኪንና ሐክስሊ የመረመሩትን የነርቭ ምልክት በሥዕል አሳዩ ተባልንና ሁላችንም ሣልን። መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ፥ ቁልቁል ወርዶ፥ ከመነሻው ትንሽ ዝቅ ካለ በኋላ ወደ ቦታው የሚመለስ ነው። እኔም ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ነገር ግን ይህን መስመር ከመጽሐፍ ገጽ በቀር በመሣሪያ ላይ ሲወጣ ያየ አንድ ተማሪ በመካከላችን እንደሌለ ሳስብ፥ ያስተማሩን መምህርም ራሳቸው ያዩት ባሕር ማዶ ሳሉ መሆኑን ሲነግሩን፥ የማርኩ ደስታ ቀዘቀዘብኝ። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

የሕግና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ገጹን ሳትገለብጡ ጥቂት ታገሡኝ። የሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ በስስ የስብ ሽፋን የታጠረ ነው። ሶዲየም፥ ፖታሲየም፥ ካልሲየም ከሚባሉት የሚገኙት የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች፥ አዮኖች የምንላቸው፥ ይህን ስብ አልፈው ሊገቡ አይችሉም። የሚያልፉት ከፕሮቲን በተሠሩ፥ በሚከፈቱና በሚዘጉ ጠባብ በሮች ነው። ልብ የሚመታው፥ ጡንቻ የሚኮማተረው፥ አሁን ይህን የምታነቡበት ዓይን ለአንጎል ወሬ የሚያደርሰው በነዚህ በሮች አማካይነት ነው። የጥርስ ሐኪም ሲወጋን ድዳችን የሚደነዝዘው መድኃኒቱ የሶዲየምን በር ስለሚዘጋ ነው። በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለውም አንዱን በር ስለሚከፍት ነው፤ የዚህን በር ምንነት ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በርበሬ በመብላትስ ቢሆን ሽልማቱ ለእኛ በተገባን ነበር።

ቀልዱን ትቼ ወደ ጓያ ልምጣ። በድርቅ ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ሕዝባችንም ነፍሱን በእርሱ ያቆያል። ለወራት ያህል ከጓያ በቀር ሌላ ያልበላ ሰው ግን አንድ ቀን እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ነው። እስከ ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት የለም። በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ፥ በ1990ዎቹም በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ሽባ ሆኗል። መርዙን ከጓያው ለይተው ያወጡት በ1964 የሕንድ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ሕዝባቸው እንደ እኛ ጓያ በል ነውና ነገሩ የራሳቸው ጭንቀት ነበር። ኋላም ይህ መርዝ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ መስሎ በነርቭ ሕዋሶች ላይ ያለውን አንዱን የአዮን በር፥ አምፓ ተቀባይ የሚባለውን፥ ከልክ በላይ እንደሚከፍት ታወቀ። ልብ በሉ፤ እግሩን ያጣው የደምቢያ ገበሬ ነው፤ በሩን የለካው ግን ደምቢያን በካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኝ ሰው ነው። ለካልን እንጂ አልበደለንም፥ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከአንድ ማዕድ በልተው አንዱ ሲሽመደመድ ሌላው ስለ ምን እንደሚተርፍ ገና በውል አልታወቀም። ይህንንም እርሱ እስኪጠይቅልን እንጠብቅ?

በሩን የሚለኩበት ዘዴ ፓች ክላምፕ ይባላል። ኤርዊን ኔኸርና በርት ዛክማን በ1976 በጀርመን አገር የአንዲትን በር መከፈትና መዘጋት ለብቻዋ ለይተው አሳዩበት፤ በ1991 ኖቤል ተሸለሙበት። ጫፉ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል የሆነ የመስተዋት ቧንቧ በሕዋሱ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ በበሩ የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፔር በትሪልዮንኛ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ መሣሪያው እንደ አራስ ልጅ ጠባቂ ይፈልጋል። የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ፥ የውጭውን ኤሌክትሪክ የሚከለክል የሽቦ ጎጆ፥ ጥሩ ማይክሮስኮፕ፥ ማጉያ፥ ቧንቧዋን በስሱ የሚያንቀሳቅስ መዘውር ያስፈልጋል። በዋናው መንገድ ሲኖትራክ ባለፈ ቍጥር፥ መብራት ሄዶ በመጣ ቍጥር የቀኑ ድካም ከንቱ ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ገንዘብ ከመንግሥትም ይሁን ከረጂ ቢገኝ ለማን ይሰጥ? ሕክምናው ለእኔ ይላል፤ ፋርማሲው ለእኔ ይላል፤ ባዮሎጂውና ፊዚክሱም ዝም አይሉም። ሁሉም ለየብቻው ማመልከቻ ይጽፋል፥ ሁሉም ለየብቻው ያጣል። አንዱ ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ምን እንደሚደርስ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ክፍል ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነ ውድ ማይክሮስኮፕ ነበረ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ነበርና ሰውየው ለትምህርት ሲሄዱ ቁልፉም አብሮ ሄደ። ጓደኛዬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በር ላይ ተመላልሶ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ለወጠ።

የዚህ ሳይንስ ታሪክ ግን የጋራ ላቦራቶሪ ታሪክ ነው። ሆጅኪንና ሐክስሊ የካምብሪጅ ሰዎች ሲሆኑ ሥራቸውን የሠሩት በፕሊመዝ ወደብ፥ በ1888 በተከፈተውና ከየዩኒቨርስቲው የሚመጣ ተመራማሪ ጠረጴዛ እየተሰጠው በሚሠራበት የባሕር ላቦራቶሪ ነበር። ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ወፍራም ነርቭ የባሕር እንስሳ የሚያገኙት እዚያ ነበርና። በ1952 ያወጧቸው ጽሑፎች ከዚያ የተገኙ ናቸው። በነገራችን ላይ፥ የካምብሪጁ ኮምፒውተር በዚያ ወራት ሥራ አቁሞ ስለ ነበረ ሐክስሊ ስሌቱን በእጅ በሚዞር መኪና ለሳምንታት ተቀምጦ ሠራው። እርሱስ ርእሱን አልለወጠም፤ ግን ሙከራው በእጁ ነበረ።

በአገራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል እንጂ ሁለተኛ በሬ እስኪገዛ መሬቱን ጦም አያሳድርም። እኛ የተማርነው ግን ይህን ረሳን። ሀብታሞቹ አሜሪካኖች እንኳ፥ የጤና ምርምር ተቋማቸው በ1982 በጀመረው የጋራ መሣሪያ ገንዘብ፥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ዕቃ አይገዙም፤ ቢያንስ ሦስት ተመራማሪዎች ተባብረው እንዲጠቀሙበት፥ ለጥገናውና ለማሠሪያውም ዩኒቨርስቲው ቃል እንዲገባ ሲጠይቁ ኖረዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከዕቃው ግዢ ይበልጣል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድኻ አገሮች የሆስፒታል መሣሪያዎችን ቢቈጥር፥ ከመቶው 38 ያህሉ የማይሠሩ ሆነው አገኛቸው። ሆስፒታል እንዲህ ከሆነ ላቦራቶሪ ምን ይሆን? ስለዚህ ከማጉያው በፊት የቴክኒሽያኑ ደመወዝ ይመደብ እላለሁ። ደመወዙ ካልተገኘ ዕቃው ባይገዛ ይሻላል።

ሆስፒታሉ ጓንት ሲያጣ ስለ አዮን በር ይወራል ወይ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ንግግራቸው ቀላል አይደለም። እኔም አንድ እንጂ አራት አልጠየቅሁም፤ መጀመሪያም በርካሹ መንገድ መግባት ይቻላል። ጥፍራም የሚባለው የአፍሪካ እንቁራሪት እንቁላል አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በዓይን ይታያል። የሚፈለገውን በር የሚያሠራ አር ኤን ኤ ቢወጉበት በጥቂት ቀን ውስጥ በሩን በገላው ላይ ያበቅላል፤ በሁለት የመስተዋት መርፌዎችም ይለካል። እንደ ፓች ክላምፕ ቅንጦት አያበዛም። የዚሁ እንቁራሪት ዘመድ በኢትዮጵያ ደጋ ውሃዎች ውስጥ ይኖራል፤ ለዚህ ሥራ ይሆን እንደ ሆነ መፈተኑ ራሱ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የምለምነው አራቱ ክፍሎች በአንድ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ነው። ክፍሉ ከማንኛቸውም ወገን ሳይሆን ከዋናው መንገድ ራቅ ባለ ምድር ቤት ይሁን፤ ቁልፉ በቴክኒሽያኑ እጅ፥ ተራው በመዝገብ፥ በሳምንትም አንድ ከሰዓት በኋላ ዲግሪ ለሌለን ተማሪዎች ይተው። ማኅበራችን ለዲኖቹ የሚጽፈውን ደብዳቤ እኔ ለማርቀቅ ዝግጁ ነኝ። መዝገቡ ሲከፈት ደግሞ የዓርብን ከሰዓት በኋላ በስሜ ይያዙልኝ።