ጎርፍና እሳት ሲመጣ ስደተኛውን ማን ይፈልገዋል?

በነሐሴ 2015 ግሪክ ከቱርክ በምትዋሰንበት በኤቭሮስ አካባቢ የተነሳው ሰደድ እሳት በአውሮፓ ኅብረት አገራት እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነበር። ነሐሴ 16 ቀን በዳዲያ ደን የ18 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። የእሳት አደጋ ባለሥልጣናቱ «ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም» ያሉበት ምክንያት ዛሬም ይከነክነናል፦ ከአካባቢው ነዋሪ ሰው ጠፋብኝ ብሎ ያመለከተ አልነበረም። የሚፈልጋቸው ቤተሰብ ያለው ድንበር ማዶ ነው፤ እሱም ልጁ የት ጫካ እንዳደረ አያውቅም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጳጉሜን 5 ሌሊት፣ ዳንኤል የተባለው ማዕበል ሊቢያን መታ። በአል-በይዳ በ24 ሰዓት 414 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ከደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት አሮጌ ግድቦች ተደርምሰው ሰፈሮችን ከነነዋሪያቸው ወደ ባሕር ጠረጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ቀደር ነው ብቻ ብለን የምናልፈው አይደለም። ግድቦቹ ጥገና እንደሚሹ ባለሙያ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ በኋላም ፍርድ ቤት ባለሥልጣናትን በእስራት ቀጥቷል።

በደርና ከሞቱት መካከል ሥራ ፍለጋ የሄዱ ብዙ ግብፃውያን ነበሩ። በበኒ ሱወይፍ የምትገኝ አሽ-ሸሪፍ የተባለች መንደር ብቻዋን ከ70 በላይ ልጆቿን ቀበረች። ሐዘኑ ከባድ ነው። ሆኖም አስከሬናቸው አገር ገባ፣ ሶላተል ጀናዛ ተሰገደባቸው፣ መቃብራቸውም ይታወቃል።

የእኛ ልጆች በመተማ በኩል ሱዳንን አቋርጠው የሚሄዱት ወደዚያችው ሊቢያ ነው። ብዙዎቹ ፓስፖርት የላቸውም፤ ስልካቸውንም ደላላ ይነጥቃቸዋል። በጎርፍ ወይም በእሳት ቢሞቱ ማን ብሎ ይመዘግባቸዋል?

ጉዳቱ በሐዘን አያበቃም። በፊቅህ እንዲህ ደብዛው የጠፋ ሰው መፍቁድ ይባላል። ንብረቱ ለወራሾች አይከፈልም፤ ሚስቱም ቃዲ ሳይወስን ሌላ ባል አታገባም። ማሊኪዮች 4 ዓመት ትጠብቅና የሞት ዒዳ ትቁጠር ሲሉ፣ እኩዮቹ አልፈው እስኪያልቁ ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል ያሉ ዑለማዎችም አሉ። መምህር በነበርንበት ጊዜ ይህን ርዕስ እንደ ሩቅ መስአላ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንጨርሰው ነበር። አሁን ግን ባሏ ሊቢያ ገብቶ ድምፁ የጠፋባት እህት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

በኤቭሮስ ሲዲሮ በምትባል የሙስሊሞች መንደር ለስደተኞች የተለየ መቃብር አለ። በአሌክሳንድሩፖሊ ሆስፒታል የፎረንሲክ ሐኪሙ ፓቭሎስ ፓቭሊዲስ ለዓመታት ከየአስከሬኑ ዲኤንኤ ሲወስዱ፣ የሟቾቹን ቀለበትና ስልክ ሲያስቀምጡ ቆይተዋል። ዲኤንኤው ግን የሚመሳከረው ዘመድ ከተገኘ ነው።

ልጁ የጠፋበት ቤተሰብ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የፍለጋ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ በሰውነቱ ላይ ያለ ጠባሳ፣ መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቦታ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። «በሕገ ወጥ መንገድ ስለሄደ እኛም እንጠየቃለን» ብሎ ዝም የሚል ወላጅ አለ። ኢማሞቻችን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አምስት ደቂቃ ወስደው ይህን ፍርሃት ቢያነሱልን እንወዳለን።